ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዳስተምር ስለተፈቀደልኝ

ለኮሌጃችን የሬጅስትራር ኃላፊ፣
ባሉበት።

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ጤናዎና ማኅተምዎ እንደምን ከረሙ? እኔ ክፍልፋይ ከሚባለው ነገር እንድርቅ ከተደረግኩ ወዲህ በጣም ደህና ነኝ። ለመሥሪያ ቤትዎ ያለኝ ምስጋና በቃል የሚወጣ ስላልሆነ፣ ሰው ሁሉ እንዲካፈለው በኮሌጁ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

1. እንደሚያስታውሱት፣ ሒሳብ ለማስተማር የምንሠለጥን ሁላችን፣ በማስተማር ዘዴ ትምህርት እርስ በርሳችን መምህርና ተማሪ እየሆንን እንለማመድ ነበር። አሠልጣኛችን የተጣጠፈ ወረቀት ሲያድሉን ለእኔ የደረሰኝ «ክፍልፋይ የማይገባው ተማሪ» የሚል ነው። ግዴታዬን ተወጣሁ። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ይሆናል ብዬ፣ የላዩን ከላዩ የታቹን ከታቹ እየደመርኩ፣ አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ ድርቅ አልኩ። አሥራ አንድ ሠልጣኞች እኔን ለማስረዳት ጠመኔ ጨረሱ፤ አንዷማ አለቀሰች። አሠልጣኙም «እንዲህ ያለ ከልብ የመነጨ አለማወቅ በሥራ ዘመኔ አላየሁም» ብለው መዝገባቸው ላይ አመሰገኑኝና ጡረታ ወጡ። መዝገቡ እርስዎ ዘንድ ሲደርስ ቢሮዎ ምስጋናዬን ወደ «ኤፍ» ለወጠልኝ።

አቤት ለማለት ስመጣ ብቻዬን አለመሆኔ አጽናናኝ፤ «ከክፍል የሚቀር ተማሪ» የሚል ወረቀት የደረሰው ጓደኛዬ፣ በመቅረቱ ተባሮ በርዎ ላይ ቆሟል። በካልኩለስ «ኤ» እንዳለኝ ባመለክት ጸሐፊዎ በትሕትና «እሱ ሌላ ፋይል ነው» አሉኝ።

2. ቀጥሎ ቢሮዎ ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ ደብዳቤ ላከ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ስለሆነና ወላጆቼ ስላረፉ፣ የተቀበለችው ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ ናት። «ልጅዎ አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛ ሲደመር ሁለት አምስተኛ ነው የሚል፣ በክፍልፋይ ደካማ ስለሆነ ቤት ውስጥ ይርዱት» ይላል። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ «ግማሽ ሜትር ጨርቅ ላይ ሌላ ጨርቅ ቀጥለህበት እንዴት ከግማሽ ሜትር ያንሳል? ሰው ምን ይለኛል?» አለችኝ። ትወና ነው ብላት አላመነችኝም፤ ማኅተም አለበታ። አሥራ አንድ ሠልጣኝ ያቃተውን እሷ ቆማ በአንድ ጥያቄ ስለጨረሰችው፣ ደብዳቤው ያለ አድራሻው ሄደ ለማለት አልደፍርም።

3. ከዚያ ማጠናከሪያ ትምህርት ተብዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስተኛ ክፍል ልጆች ጋር፣ ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ እየቀረ ተቀመጥኩ። እዚህ ላይ ሳላሾፍ አመሰግንዎታለሁ። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ ደብተሯ ላይ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች፤ ያለ ምንም ትወና። ለምን ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ ደምሩ ነው የሚለው፤ እኔ ሁሉንም ደመርኩ» አለችኝ። ያን ያህል ጊዜ ያልገባኝ መስዬ ስቀመጥ፣ አለመግባት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወረቀት ቀድጄ የባለቤቴን ጥያቄ ጠየቅኳት። አጠፈችው፣ ለካችው፤ ከዚያ ላጲሷን ፈለገች። መምህር የሆንኩት ያን ዕለት ይመስለኛል።

4. በድጋሚ ፈተናው ለዚያው ድምር አምስት ስድስተኛ ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴዎ መልሱ ትክክል መሆኑን ካመነ በኋላ «ከተፈታኙ የቀድሞ ማኅደር ጋር ስለማይጣጣም አጠራጣሪ ነው» አለ። በመጨረሻ ግን ራርቶ፣ ሙሉ ቁጥር ብቻ እንዳስተምር የሚፈቅድ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ። በተመደብኩበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እኔ ብቻ ነኝ፤ ምዕራፍ አራት ደግሞ ክፍልፋይ ነው። ርእሰ መምህሩ ሕግ አክባሪ ስለሆኑ የአርባ ስምንት ልጆችን መጽሐፍ ሰብስበው የምዕራፉን ገጾች በስቴፕለር ጠረቀሙ። ልጆቹ ከሦስት ወደ አምስት ዘለሉ። ምዕራፍ አምስት ስለ መቶኛ ነው። መቶኛ ከየት ይመጣል ሲሉኝ «ከቢሮ» እላቸዋለሁ።

እኔስ ለምጄዋለሁ፤ እነሱ ግን ዓመቱ መጨረሻ ላይ ፈተና አለባቸው። ስለዚህ እገዳውን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆን እንኳ በከፊል፣ እንዲያነሱልኝ እጅ እነሣለሁ።

ያለ አንዳች ቀሪ ታዛዥዎ የሆንኩ፣
የሙሉ ቁጥር መምህር

ከፊርማ በኋላ፦ የውሳኔው ደብዳቤ «ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት ሁለት ሦስተኛው ደግፈውታል» ይላል። ከሕግ ውጭ በድብቅ ሳሰላው አራት ሰዎችና የአንድ ሰው ሁለት ሦስተኛ ሆነብኝ። ውሳኔውን ያልደገፈውን የዚያን የአምስተኛውን አባል ቀሪ አንድ ሦስተኛ ቢያገኙልኝ፣ ጭንቅላቱ ያለበት ወገን ሳይሆን አይቀርምና ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።