እማዬን ማን ያጥባታል

እሑድ 9/11፣ ከሥራ መልስ

ዛሬ አምስት ሰው አጠብኩ። አራት አሮጊት፣ አንድ ሽማግሌ። ሽማግሌው ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ሰደበኝ፣ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ረሳውና እንደገና ሰደበኝ። ነስ ጺዮና ካለው የአረጋውያን መጦሪያ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ወገቤን ቆርጦኛል።

ቀጥታ ወደ ሬሆቮት፣ ኦሺዮት ሰፈር። እማዬ ግራ ጎኗ በስትሮክ ከተመታ ወዲህ ታናሽ ወንድሜ ፈንታሁን ቤት ናት። እሑድ እሷን የማጠብ ተራው የኔ ነው። ነበር።

እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዷን ያዝኩ። አትንኪኝ አለችኝ። የታመመውን ጎን የነካሁባት መስሎኝ ነበር። አይደለም። በየሱስ አምነሽ ባሕር ውስጥ ተጠምቀሻል ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም፤ ሬሆቮት ውስጥ የኛ ሰው ምን ይደብቃል?

ደብተር ሆይ፣ አንተ ታውቅ ነበር። እሷ አታውቅም ነበር።

በጎንደር የኛ ሰው፣ ቤተ እስራኤል፣ ክርስቲያን ከነካው ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» እያሉ ይጠሩን ነበር፤ ሲቀልዱም፣ ሲናደዱም። እስራኤል ከገባን ወዲህ ያን ነገር ያነሳ ሰው አላየሁም። እማዬ አነሳችው። ለኔ።

ፈንታሁንን ውሃ አስመጣችና የያዝኩትን ክንድ አስታጠበችው። እኔ እዚያው ቆሜ።

ማክሰኞ 11/11

ከእንግዲህ የሚያጥባት ሰው ቀጥረውላታል። ሊሲ ትባላለች፣ ህንዳዊት፣ ከኔ ታንሳለች። እዚህ አገር ከገባች ወር ቢሆናት ነው፣ ዕብራይስጧም የዚያኑ ያህል ነው። አንገቷ ላይ የወርቅ መስቀል።

መስቀሉን ሳይ ደሜ ፈላ። ከበሩ ላይ ሆኜ፣ እማዬ፣ እሷስ ክርስቲያን አይደለችም እንዴ አልኳት። እማዬ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«እሷ ያባቷን ነው የያዘች። ማን ይነቅፋታል? አንቺ ግን ያባትሽን ጣልሽ።»

ሊሲ በመሐላችን ፎጣ ይዛ ፈገግ ትላለች። ስለ አየሩ የምናወራ ሳይመስላት አልቀረም።

ቀናሁባት። ምንም ያላደረገችኝን ሴት። ቀኑን ሙሉ የሰው እናት አጥቤ እመጣለሁ፣ የኔን እናት የሰው ልጅ ታጥባለች። በአውቶቡሱ ውስጥ ልጸልይ ሞከርኩ። ክስ ሆነብኝ እንጂ ጸሎት አልሆነም።

ቅዳሜ 15/11፣ ከሰዓት

መዝከረት ባትያ ከተማ፣ አማኞች የምንሰበሰብበት ቤት። ወንድም ታደለ አስተማረ። ኃጢአት የቀድሞ አሠሪያችሁ ነው አለ። ሥራ ለቃችኋል። ቢደውል ስልኩን የማንሳት ግዴታ የለባችሁም። ግን ብዙዎቻችን እዚህ ጌታ ዘንድ የቀን ፈረቃ፣ እዚያ የማታ ፈረቃ እንሠራለን። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እግ/ር ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው አይቀጥርም አለ፤ ያኔ የሳቀ የለም።

በኋላ ስለ እማዬ ነገርኩት። ጹሚ፣ ጸልዪ፤ አገልግሎት በእጅ ብቻ አይደለም፣ በልብም ነው አለኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ወንድም ታደለ በሕይወቱ የታመመ ሰው ገላ አጥቦ አያውቅም። በልብህ ብቻ ጎኗን አገላብጥ ቢሉት ምን ይል ነበር?

ክፉ ሐሳብ ነው። ይቆይ። አልሰርዘውም።

ሰኞ 17/11

ፈንታሁን ከመጨረሻው ፌርማታ ደወለ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ የሚደውለው ሲያርፍ ነው። እማዬ እህል ቀንሳለች። ሊሲ ስታጎርሳት ትውጣለች፣ ግን አታኝክም አለኝ። እንዴት እንደሆነ አልገባኝም።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ። እታለም፣ አንድ ቃል ነው። ተመልሻለሁ በያት። በልብሽ ያለውን እግ/ር ይየው። እኔ ቅዳሜ ኳስ አያለሁ፣ ማን ጠየቀኝ? ሐኪሙ እየተሻለሽ ነው ብሏል እያልኩ በየቀኑ እዋሻታለሁ፣ ቤሰደር፣ ምንም አይደል፣ ደስ ይላታል። አንቺ ከኔ ትበልጫለሽ?

አልበልጥም አልኩ።

እንግዲያው ያላ፣ በያት።

ለሱ ያልነገርኩትን ላንተ ልንገርህ። ከመጠመቄ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ ፈረቃ አለብኝ እያልኳት መዝከረት ባትያ እሄድ ነበር። የትኛዋ አሮጊት ታመመች፣ ማን ቀረና ተተካሁ፣ ሁሉን ፈጥሬ እነግራት ነበር። አንዳንዷ አሮጊት ከነስሟ ፈጠራ ነበረች፤ እማዬ እንዴት ሆነች እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ከተጠመቅሁ ወዲህ ያን አቆምኩ። ሥራ የለኝም ግን አልመጣም እላት ነበር፤ ምክንያቱን አትጠይቀኝም። ነፃ መውጣት ሲሉ ትልቅ ነገር ይመስላል። ለኔ ይኸው ነው፤ ዓርብ ማታ ሆኜ የቅዳሜውን ውሸት አለማሰናዳት። ምን ያህል እንደቀለለኝ የሚገባው ሰው የለም።

አሁን መልሺና ተሸከሚው ይሉኛል።

ኀሙስ 20/11

ስግድ ነው። ወደ እግ/ር የምንመለስበት ጾም። እማዬ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ይኸን ቀን ነው። ሐኪሙ ቢከለክላትም ጾማለች። ኢየሩሳሌምን በቴሌቪዥን ታያለች፣ ጃንጥላዎቹን፣ ሕዝቡን። እኔ ወጥ ቤት። ሳህን አጥባለሁ፤ ሳህኑን እንኳ ከኔ በኋላ ሊሲ ታለቀልቀዋለች።

እማዬ በስሜ ጠራችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ገባሁ። ፈንታሁን ግድግዳውን ያያል። «እታለም ጾማለች፣ ተመልሳለች» ብሏታል። ከሁኔታው ገባኝ።

ደህናውን እጇን ዘረጋችልኝ።

ያዝኩት።

ልጄ ዛሬ መጣችልኝ አለች። አፌን አልከፈትኩም። አጠብኳት፣ ጠጉሯን አበጠርኩ፣ ጥፍሯን ቆረጥኩ። ስትታጠብ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ልጅ ሆኜ እኔን ስታጥበኝ እንደምጨፍነው።

አልዋሸሁም። አንድ ቃል አልወጣኝም። ይኸን ለማን እንደምጽፍ እንጃ፤ አንተ ዳኛ አይደለህም።

እሑድ 23/11

ደግሜ አጠብኳት። ከእጄ በላች፣ አኘከች። ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። የላይኛዋ ጎረቤት ደረጃ ላይ አግኝታ ሳመችኝ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። አሜን አልኩ። አሜን! ያን ጊዜ ቃልም ወጣኝ።

እማዬ ስትመርቀኝ፣ እንዳንቺ ከመንገድ የቀሩትን ሁሉ ይመልስ አለችኝ።

ደስ ብሎኛል። ይኸን መካድ አልችልም። ጀርባዋን ሳሽ ነፍሴ ታርፋለች። ቤቴ ስገባ ግን መጸለይ አልችልም። ጉልበቴ ይንበረከካል፣ አፌ አይከፈትም። የቀድሞው አሠሪ ደወለ፣ አነሳሁ፣ ፈረቃ ገባሁ። ደመወዙ ደግሞ ጥሩ ነው።

ማክሰኞ 25/11

ነገርኳት።

ትናንት ማታ፣ ሳልነካት። ገና እጄን ሳልታጠብ፣ ከአልጋዋ ግርጌ ቆሜ። እማዬ፣ አልተመለስኩም። ያን ለታም አልተመለስኩም ነበር። እጅሽ ስላማረኝ ነው ዝም ያልኩ።

በስግድ ቀን ነው ያታለልሽኝ አለች።

አዎ።

ውሃ አለች። ሊሲ አመጣች። ክንዷን፣ አንገቷን፣ ጀርባዋን፣ ጠጉሯን ሳይቀር፣ የነካሁትን በሙሉ። ጠጉሯ ረጥቦ ሲቀር እየተንቀጠቀጠች ነበር። ልሂድ አላልኩም፣ ሂጂም አላለችኝም። እስኪያልቅ ቆምኩ።

ፈንታሁን ደረጃ ድረስ ተከተለኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረኝ፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ለሷ ብለሽ አይደለም። የራስሽ ልብ እንዲያርፍ ነው። አንቺ አረፍሽ፣ እሷ ይኸው። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ።»

ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ፣ ዛሬም ጠዋት፣ አሁንም። ግማሹ እውነት ነው። ጉልበቴ ተንበረከከ፣ አፌም ተከፈተ፤ የወጣው ግን ልቅሶ ነው።

ዓርብ 28/11፣ ሰንበት ሳይገባ

ፈንታሁን ደወለ። ትምጣ ብላለች አለኝ፣ ዘጋው።

ሄድኩ። እማዬ ትራስ ተደግፋለች። ከሳለች። ግቢ አለችኝ፣ ሁለት እርምጃ ስገባ በቃ አለችኝ። በምርኩዟ የወለሉን ሸክላ አሳየችኝ፣ ከቁም ሣጥኑ እስከ መስኮቱ ያለውን ረድፍ። ሊሲ ወንበር ከረድፉ ወዲህ አኖረችልኝ።

ከዚያ አወራችኝ። አገር ቤት ሳለን ሴት በደሟ ጊዜ ከቤት ወጥታ መርገም ጎጆ ትቀመጣለች፤ ጎጆው ዙሪያውን ድንጋይ ይደረደርበታል፤ የሚያልፈው የለም። ይኸን አውቃለሁ፣ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ቀጥላ ያለችውን ግን አላውቅም ነበር።

«እናቴ እዚያ ስትቀመጥ ምግቧን ድንጋዩ ላይ አኖርላት ነበር። እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ ሆነን እስኪመሽ እናወራለን። አልነካትም። ጠልቻት ነው?»

አይደለም አልኩ።

«አንቺንም እንደዚያው። ድንጋዩን አትለፊ እንጂ ማን ይከለክልሻል? ከዚያ ጎጆ ሰው ጊዜው ሲደርስ ይወጣ ነበር፣ ያንቺው ግን መውጫው የት እንደሆነ እንጃ።»

መውጣት አልፈልግም፣ እማዬ።

«አውቃለሁ። ግትር ነሽ። እንደኔ።»

በግማሽ አፏ ሳቀች። ከዚያ የሥራ ቤቱን ወሬ ጠየቀችኝ። ሁለት አሮጊቶች በመስኮት ወንበር ተጣልተው አንዷ የሌላዋን ጥርስ እንደደበቀች ነገርኳት። ይኸንንስ ፈጥረሽ ነው አለችኝ። እውነት ነው አልኩ። አመነችኝ። ደብተር ሆይ፣ አመነችኝ።

የሰንበት ሻማ ሳይበራ ወጣሁ። ፈንታሁን በሩን ከፈተልኝ፤ አላናገረኝም፣ ግን ከፈተልኝ።

ማክሰኞ 2/12፣ ከቀትር በኋላ

ስትሮኩ ዳግመኛ መታት። ሐኪሙ መጥቶ ሄደ። ሆስፒታል ማመላለስ ማሠቃየት ነው አለ። ዓይኗ ግማሽ ክፍት ነው፣ አያይም። ይኸን የምጽፍልህ ከረድፉ ወዲህ ካለው ወንበር ላይ ሆኜ ነው።

ፈንታሁን አልቅሷል። እታለም ግቢ፣ ያዣት አለኝ። አታይሽም። አታውቅም።

እኔ አውቃለሁ አልኩ።

አፈጠጠብኝ። ክፉ ሴት መሰልኩት መሰለኝ፤ ለራሴም አንዳንዴ እመስለዋለሁ። ግን ሸክላውን ያሳየችኝ በሙሉ አእምሮዋ ነው። አቅም ስታጣ ጠብቄ ብሻገር ሌባ ነኝ። እጇን ሁለተኛ በስርቆት አልይዝም። ጌታ ይየኝ፣ ፍላጎቱ እንደ እሳት እየፈጀኝ ነው።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ እዚህ አይደርስም። ሊሲ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ ወደኔ ዞራ የማታውቀውን አማርኛ እንደሰማችው ደገመችልኝ። «ሄደች ወይ?»

አለሁ፣ እማዬ። ጮክ ብዬ፣ በማሳ ማዶ ላለ ሰው እንደሚጣራ ሰው። አለሁ።

ለሥራ ደወልኩ። ነገም ከነገ ወዲያም አልመጣም፣ እናቴ ዘንድ ነኝ አልኳቸው።

ሊሲ ውሃ ይዛ ገባች። ከየት ልጀምር ትለኛለች። ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ከፊቷ እላታለሁ፣ ከዓይኗ ጥግ ወደ ውጭ። ከዚያ አንገቷን። ከዚያ ግራ ክንዷን፣ ከክርኗ ሥር ደግፈሽ፣ እንዳይወድቅ፣ ቀስ ብለሽ።