የንጉሥ አልፎንሶ ኑዛዜ

ሎስ አንጀለስ፣ ሐሙስ፣ የካቲት 10 ቀን 1969 ዓ.ም.

ዛሬ የእህቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። ለአባባ እስር ቤት ያደረሰችውን ምግብ ዘበኛው መልሶላታል። “ከእንግዲህ አታምጪ” ብሏታል። እስረኛ ሲገደል ለቤተሰብ የሚነገረው ይኸው ነው።

አብዮቱ የፈነዳ ሰሞን ከዚሁ ከፌርፋክስ ሰፈር ለአባባ ጽፌለት ነበር። “እርስዎ ለባላባት የፈረዱ ዳኛ ነዎት። ከእንግዲህ አባቴ አልልዎትም” ነበር ያልኩት። አልመለሰልኝም።

የመመረቂያ ጽሑፌ በመካከለኛው ዘመን ስለነበረው የስፔኗ ካስቲል ንጉሥ ስለ አልፎንሶ ነው። ልጁ ሳንቾ አመፀበት፣ አብዛኞቹ መኳንንትም ከልጁ ጋር ወገኑ። ንጉሡም ባልከዳችው በሴቪያ ከተማ ሞተ። በኑዛዜው ልጁን ረግሞታል። በመጨረሻ ይቅር ብሎታል የሚሉም አሉ።

አብሮኝ የሚኖረው ግርማ ከሥራ ሲገባ ደብዳቤውን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበውና አጠገቤ ተቀመጠ።

“ሶ፣ ትምህርቱን ድሮፕ ልታደርግ ነው?”

“የቀረኝ የመጨረሻው ቻፕተር ነው።”

“ምን ይላል?”

“አባትየው ልጁን ይቅር ይበለው አይበለው።”

ግርማ ትከሻዬን ይዞኝ ትንሽ ቆየና ወደ ክፍሉ ገባ።

ታይፕራይተሩን ስቤ “ንጉሡ ልጁን ይቅር ብሎት ሞተ” ብዬ ጻፍኩ። ደጋግሜ አነበብኩት። ማስረጃ የለኝም። ሰረዝኩት።