የቲማቲሙ ማሳና አንድ ጥንድ ቦት

ውድ እህቴ ሜሬ፣

ሰው ሁሉ መቃብርሽ ላይ አበባ እያስቀመጠ «ደግ ነበረች» ይላል። እኔ ግን ተናድጄብሻለሁ። የገደለሽ ደግነትሽ ነው፤ ደግነትሽና ግትርነትሽ።

ያን ሰኞ ቤታችን ውስጥ የነበረው ቦት ጫማ አንድ ጥንድ ብቻ ነበር። እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ጭቃ ስለነበር «አንተ አድርገው፤ ዩኒፎርምህ ይቆሽሻል» አልሽኝ። አንቺ ልጅሽን ቪካን አዝለሽ በነጠላ ጫማ ቲማቲም ልትኮተኩቺ ወረድሽ። የዛገ ሽቦ እግርሽን ወጋሽ። ስኳር በሽታ እንዳለብሽ እያወቅሽ ቅጠል አስረሽበት ጠበቅሽኝ።

«ሆስፒታል እንሂድ» አልኩሽ።

«ቅዳሜ። መጀመሪያ ቲማቲሙ ይጫን።»

«እግርሽ እኮ ዳቦ አክሏል!»

«ዳቦ ካማረህ ጋግር። ሂድ አጥና፣ ዶክተር!»

ሳቅሁ። ሜሬ፣ እኔም ሳቅሁ! ቅዳሜ መኪናው ላይ የተጫነው ቲማቲሙ ሳይሆን አንቺ ነበርሽ።

ከቀብርሽ በኋላ አክስታችን ላይሳ ከዋና ከተማው ከሱቫ መጥታ ማሳሽ ራስ ላይ ችካል ተከለች፤ ጨርቅም አሰረችበት። «እስከ መቶኛው ቀን ከዚህ ማንም አይቀጥፍም» አለች። ለክብርሽ ነው አሉኝ። ቲማቲሙ ቀላ፣ ፈነዳ፣ ትል ወረሰው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ አየው ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ከወንዝ በጀሪካን እየቀዳሽ ያጠጣሽውን፣ ቪካ ጀርባሽ ላይ ስታለቅስ እየዘፈንሽ ያረምሽውን! የአንቺ ክብር እንዲህ ነው የሚሸተው?

አክስቴ በዚህ አላበቃችም። «ቪካን ሱቫ እወስዳታለሁ» አለችኝ። «አባቷ እንደሆነ ከተወለደች ዞር ብሎ አላያትም። አንተ ደግሞ ፈተና አለብህ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ልጅ አያሳድግም።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቴ የቪካን ልብስ ስታስር ልጅቷ ጠፋች። ያገኘናት ማሳው መሃል ነው። አገጯ በቲማቲም ቀልቶ፣ ቀሚሷን ሞልታ ተቀምጣለች።

«ክልክል ነው! አንቺ ባለጌ!» አክስቴ እጇን አነሳች።

«እጅሽን መልሺ!» አሉ የጎሳችን ሽማግሌ፣ አባባ ኦሴያ። «ቫሱ ናት። የእህት ልጅ ከእናቷ ወንድም መሬት የፈለገችውን ብታነሳ ማን ይከለክላታል? የአለቃውን አሳማ ብትጎትት እንኳ ዝም ነው የምንለው። ሞሞዋ፣ አጎቷ፣ ምን ይላል?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቪካ የተገመሰ ቲማቲም ዘረጋችልኝ። «ሞሞ፣ ይጣፍጣል» አለች።

ችካሉን ነቀልኩት።

«ከአጎቷ የፈለገችውን የምትወስድ ከሆነ እኔን ወስዳኛለች» አልኩ። «ሱቫ አትሄድም።»

«ትምህርትህስ?»

«እማራለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት ማን ይይዛታል?»

«እኔ ሞቻለሁ እንዴ?» አሉ የአባባ ኦሴያ ሚስት። «ስምንት አሳድጌያለሁ፤ አንዷ አትገድለኝም።»

አክስቴ «አፍህ እንደ እህትህ ነው» ብላ አለቀሰች። ከዚያ የቋጠረችውን ልብስ ፈታ ባዶውን ጨርቅ ሰጠችኝ፤ የተረፈውን ቲማቲም የለቀምንበት በእሱ ነው።

ዛሬም ሦስት ሳጥን ጫንን። ግማሹ በስብሷል፤ በእሱም ተናድጃለሁ። በመጀመሪያው ሽያጭ ለቪካ ትንሽ ቦት ገዛሁላት። አድርጋው ነው የምትተኛው፤ እምቢ ብላለች።

የእኛን ቦት እኔ አደርገዋለሁ። ጠቦኛል፤ ጣቶቼን ይቆረጥመኛል። አላወልቀውም። ያን ሰኞ ማለት የነበረብኝ አንዲት ቃል ነበረች፤ «አልፈልግም»። አላልኳትም። ሜሬ፣ ለምን ቦቱን ሰጠሽኝ ብዬ በአንቺ ስናደድ፣ ለምን እሺ አልኩ ብዬ በራሴ እናደዳለሁ፤ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል።

በመቶኛው ቀን ከቪካ ጋር እንመጣለን። በባዶ እግሯ አላመጣትም።

እስከዚያ ይቅር የማይልሽ ወንድምሽ፣
ጆላሜ