ከማዶ የጠራ

ውድ ወንድሜ ጓዴ፣

«ውድ» ያልኩህ ለወጉ ነው እንጂ ልቤስ ሌላ ነው የሚለው። እንዴት ከረምክ አልልህም። ኅዳር ላይ ወገዳ ገበያ የጎረቤታችን የምስጋናው ልጅ ፎቶህን በስልኳ አሳይታኛለች። «ይሄ የእናንተ ታንኳ አይደለም እንዴ?» አለችኝ። አባባ ጫፉ ላይ የቀረጹት መስቀል ባይኖር ክጄ ነበር። ባሕር ዳር፣ አንተ የምትሠራበት ሆቴል በር ላይ፣ አፈር ሞልታችሁ አበባ ተክላችሁበታል። አንተም አጠገቡ ቆመህ ትስቃለህ። ጥርስህ ይርገፍ!

«ስንጥቁን ላስጠግነው፣ ለሰኔ ሚካኤል እመልሰዋለሁ» ብለህ አልነበር የወሰድከው? ያሰነጠቅከውም አንተው ነህ፤ እርጥብ ሣር ሳታለብሰው ፀሐይ ላይ ጥለኸው ሄድክ። ስድስት ሰው ከወንዙ እስከ መኪናው መንገድ ያን ሁሉ ዳገት በትከሻው ተሸክሞልሃል። አባባ ከአንድ ዋንዛ ግንድ ሁለት ወር ሙሉ የፈለፈሉት ታንኳ ነው። «ከማዶ የጠራ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ መጣሁ ነው የሚባለው» እያሉ አይደል መቅዘፍ ያስተማሩን?

በወሰድከው ዓመት ነሐሴ ላይ ጎረቤታችን ፅጌረዳን እዚሁ እኛ ዳር ምጥ ያዛት። መሰረት፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ ልታዋልዳት መጥታ ከማዶ ተጣራች። አባባ «መጣሁ!» አሉ። «በምንዎ?» ብዬ ጮህኩባቸው። የተነፋ ስልቻ ደረታቸው ላይ አስረው ገቡ፣ በሰባ ዓመታቸው! ወንዙ ከቋጥኝ አላትሞ፣ ዳሌያቸውን ሰብሮ ወደኛው ዳር ተፋቸው። መሰረት ቦርሳዋን እንደያዘች ከማዶ ስታለቅስ ዋለች። የፅጌረዳ ልጅ አልተረፈም። አንተ ያን ቀን አበባ ታጠጣ ነበር ይሆናል።

አባባ ከዚያ ወዲህ ካልጋ አልወረዱም። «ጓዴ ታንኳውን አስጠገነው ወይ?» ይሉኛል በየቀኑ። «እየተጠገነ ነው» እላቸዋለሁ። በአንተ የተነሳ ውሸታም ሆንኩ፣ እግዜር የእጅህን ይስጥህ!

ሌላ ዋንዛ ቆርጠናል። እነዚያው ስድስቱ ናቸው የፈለፈሉት። ቀዛፊዋ እኔ ነኝ።

ክረምቱ ገብቷል፣ ወንዙም ሞልቷል። አባባ ደክመዋል፤ ስምህን ይጠራሉ። ስለዚህ ናና ከማዶ ቆመህ ተጣራ። ማን ነህ አልልህም፤ መጣሁ እልሃለሁ። መሐል ወንዝ ላይም አልገፈትርህም፣ አትፍራ። አንዲት ቃል ግን ከአፌ አትሰማም። አባባ አልጋ ዘንድ አድርሼህ ደጅ እወጣለሁ። «ታንኳው የት ደረሰ?» ሲሉህ የምትመልስላቸው አንተ ነህ።

ቀዛፊዋ እህትህ፣
ምሥራቅ