ከባንኮኒው ሥር ያለ ጫማ

መስከረም 11፣ ቅዳሜ

ገበያው ደህና ነበር። ዝናቡ እስከ አራት ሰዓት አለቅም ብሎ፣ ከዚያ ሰዉ ባንዴ ጎረፈ። ጨው፣ ክብሪት፣ ባትሪ፣ ሳሙና ሸጥኩ። ሻማም ሄደ... እንጅባራ መብራት አለ ያለው ማን ነው?

የሻረግ እንደ ልማዷ ማልዳ ከዘንገና መጣች። በር ላይ ጭቃ የያዘ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን ታጠበች፣ ከባንኮኒው ሥር ጥቁሩን የቆዳ ጫማዋን ሳብ አድርጋ አጠለቀች። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው። የከተማ ጫማዋ የሚኖረው እኔ ሱቅ ነው፤ ኮንጎዋ ደግሞ ገበያዋን እስክትጨርስ ደጄ ላይ ይጠብቃታል። ሌሎቹም የገጠር ሰዎች ጃንጥላና ዘንቢል ጥለውብኝ ይሄዳሉ። ጫማዋን ከሳምንት ሳምንት የምታሳድርብኝ ግን እሷ ብቻ ናት። ይሄኛው ሦስተኛው ጫማ ነው፤ ለልጇ ሠርግ የተገዛ።

ከገበያ ተመልሳ ባንኮኒው አጠገብ ያለው የእንጨት ዱካ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። ስለ ድንቹ በሽታ አወራን፣ ስለ ባሏ ፈረስ አወራን፣ የቀረውን ጊዜ ሰው አማን። በአዊኛ መቁጠር ታስተምረኛለች። ከአሥር በላይ ምላሴ እንቢ ይላል፤ ትስቅብኛለች።

ማዶ ያለው ትልቁ ቤት ቢጫ ሲቀባ አይታ ምን ሊሆን ነው አለች። ምን አውቄ አልኳት። አውቅ ነበር... ሱቅ ነው።

መስከረም 20፣ ሰኞ

ፀደይ ተቀጠረች። ልጄ ኮሌጅ ጨርሳ ሦስት ዓመት ቤት ተቀምጣ፣ ዛሬ ተቀጠረች። ማዶ ነው። "ሁሉ በቅናሽ" ይባላል። አርባ ሰው ይፈልጋሉ፤ የከተማው ወጣት በሙሉ ሲሰለፍ ሰነበተ። ከመንግሥት ቢሮ ውጭ አርባ ሰው ባንዴ የቀጠረ እኔ በዚህ ከተማ አላውቅም።

ደስ ብሎኛል። የምሬን ነው። ማታ ሳቋን ስሰማ ስንት ጊዜዬ ነው አልኩ።

ግን እኔ የምሸጠውን ሳሙና እሷ ከእኔ አሳንሳ ልትሸጠው ነው። ምን ልበል? ልጄንስ ልርገማት?

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

ተከፈተ። ሙዚቃው ሲጮህ ዋለ። ዋጋቸው እኔ ከባሕር ዳር የማመጣበት ነው፤ በመኪና ሙሉ ከአዲስ አበባ ያስጭናሉ። እኔም ብሆን እዚያ ነበር የምገዛ።

ጉድ እኮ ነው... ጥበቃው ዕቃ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላል። ሰዉ ታዲያ ዘንቢሉን እኔ ጋ አስቀምጦ እነሱ ጋ ገብቶ ይገዛል። ሃያ ሦስት ዘንቢል ቆጠርኩ። ከእኔ የገዛው አንድ ሰው፣ እሱም ክብሪት።

የሻረግ ዱካው ላይ ሆና ዓይኗ ማዶ ማዶ አለ። ሂጂ ግቢና እዪው እንጂ አልኳት። "እኔ እዚያ ምን ሠርቼ? እኔ ያንቺ ነኝ" አለችኝ። ሁለት ሳሙና ገዛች። ያላስፈለጋት ይመስለኛል።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

የሻረግ አልመጣችም። አሟት ይሆን?

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

አየኋት።

አምስት ሰዓት ገደማ። ከማዶ ወጣች፣ ቀይ የፕላስቲክ ሳፋ በብብቷ ይዛ፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ። በነጠላ ተሸፍና የማላውቃት መስሏት ነው? ሃያ ዓመት ሙሉ አረማመዷን የማየው ሰው!

እግሯ ላይ ኮንጎው። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ። የሻረግ በጭቃ ኮንጎ ገበያ መሀል! ከተማ ገብቶ እግር ሳይታጠቡ መሄድ ነውር ነው የምትል ሴት... ጫማዋን ለመውሰድ እኔ ጋ መግባት ነበረባትና ተወችው።

ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ልንጋጠም ሆነ። ጎንበስ አልኩ። ያልወደቀብኝን ነገር ባንኮኒ ሥር ስፈልግ ቆየሁ። እንዳታፍር ብዬ ነው። ፊቴ የነበረው ጫማዋ ነው።

ቀና ስል የለችም።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ለምን አልጠራኋትም? ሳፋ እኮ ነው። እኔ ሳፋ አልሸጥም እንኳ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሚካኤል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከፍቼ ጫማዋን ቀለም ቀባሁት። ቆዳ ካልተቀባ ይሰነጠቃል፤ ለሌላ አይደለም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ዛሬም በላይኛው መንገድ ዞራ አለፈች አሉ። ያ መንገድ ዳገት ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል።

ሌሎቹ ግን ሳይሳቀቁ መጡ፤ ዘንቢላቸውን ሰጥተውኝ ማዶ ገቡ፣ ሲመለሱ መረቁኝ። በእነሱ ቅር አላለኝም። እሷ ያንቺ ነኝ ባትለኝ ኖሮ እንደ እነሱ ትመጣ ነበር። ያቺ ቃል ናት የያዘቻት። ማን ተናገሪ አላት...

ናፈቀችኝ። መጻፉ ምን ያሳፍራል? ናፈቀችኝ። ዱካው ላይ ካርቶን ጫንኩበት፤ ባዶውን ማየት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

የማዶው ኃላፊ ራሱ መጣ። ባንተአምላክ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቆሞ ነው ያናገረኝ። "እትዬ እህተማርያም፣ ሰዉ ዕቃውን ለጥበቃ አልሰጥም ብሎ እርስዎን ነው የሚያምነው። እኛ በር ላይ ቢቀመጡልንስ? ደመወዝ አለው" አለኝ።

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ለካ ሃያ ዓመት በነፃ ስሠራው የኖርኩት ሥራ ደመወዝ አለው።

ፀደይ ማታ ምን አልሽው አለችኝ። ከእኔ ጋር አንድ ቦታ መሥራቱን ፈልጋዋለች፤ ፊቷ ላይ አየሁት። እኔ ግን ሱቄን ዘግቼ ለዘጋኝ ሰው በር ልጠብቅ? ደግሞ የቤቱ ባለቤት ኪራይ ልጨምር ነው ብሏል...

ጥር 23፣ ዓርብ

የፈረሰኞች በዓል። ከተማው በፈረስ ተጥለቀለቀ። ሱቁን ቆልፌ ወጣሁ። ለፈረሱ አይደለም... ሰው ስፈልግ ነው።

እሷን አላገኘኋትም። ባሏን ይኸነውን አገኘሁት፤ ፈረሱን ሸልሞ፣ ራሱም እንደ ሙሽራ ሆኖ። ስለ እሷ ጠየቅሁት። ደህና ናት አለ፤ እንግዳ በዝቶባት ቤት ቀረች አለ። ከዚያ እንደ ማስታወስ ብሎ፣ "ጫማዬን ከእህተማርያም ተቀብለህ አምጣልኝ ብላኛለች" አለኝ።

ጫማው ከሄደ አለቀ ማለት ነው። መምጫ ምክንያት የላትም ከዚያ ወዲያ።

"ቁልፉን ቤት ትቼዋለሁ፣ ሌላ ቀን ይሁን" አልኩት። ቁልፉ መቀነቴ ውስጥ ነበር። በጊዮርጊስ ቀን ዋሸሁ። እሱም ሠጋር ፈረሱን ሊያሳይ ቸኩሎ ነበርና እሺ ብሎ ሄደ።

የካቲት 1፣ ቅዳሜ

የመጨረሻዬ ገበያ። የቀረውን ዕቃ ከነዱካው ጎረቤት ሱቅ ወሰደልኝ፤ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከብኩ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ቤቱ ጠበበ እንጂ አልሰፋም።

ከሰኞ ጀምሮ ማዶ ነኝ። ምን ላድርግ? ኪራዩ አልተቻለም።

ጫማውን በፌስታል ጠቅልዬ ቤት ይዤ ገባሁ። ፀደይ በሰው ላኪላትና ተገላገይ ትለኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኳት፤ ሞኟ እኔ ነኝ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

እጄ እየደከመ ነው፣ ግን ልጻፍ።

ሰማያዊ ጋውን ለብሼ በራቸው ላይ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ ቁጥር የተለጠፈበት መደርደሪያ አለ፤ ዕቃ እቀበላለሁ፣ የቁጥር ካርድ እሰጣለሁ። ሳንወጣ ሳንወርድ አገኘንሽ ብሎ ሰዉ ይስቃል። የየሻረግን ጫማ ጠዋት ይዤው ሄጄ ዘጠነኛው ቦታ ላይ አስቀምጬው ነበር።

ወደ አምስት ሰዓት በሰልፉ መሀል መጣች። ነጠላዋ እስከ ቅንድቧ፣ ኮንጎዋ አቧራ ብቻ። አቀርቅራ ዘንቢሏን ስትዘረጋልኝ እጄን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። ወደ ኋላ ልትል ስትል ከኋላዋ ሰው አለ።

"የሻረግ፣ ጫማሽ እዚህ ነው" አልኳት።

ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ሳፋ ይዤ በፊትሽ ማለፍ አቃተኝ" አለች።

"አይቼሻለሁ።"

"አይተሽ ነው ዝም ያልሽኝ?"

"እንዳታፍሪ ብዬ ነው።"

"ጎንበስ ስትዪ አይቼ፣ ተቀይማ ፊቷን ነሣችኝ ብዬ ነው የቀረሁ" አለች። አራት ወር! ሁለት አሮጊት በአንድ ሳፋ ምክንያት አራት ወር! ሳቅሁ፤ እሷ ግን ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። እኔም ወዲያው ሳቁ ጠፋብኝ።

ጫማውን አወረድኩላት። እዚያው በር ላይ፣ ትከሻዬን ይዛ አንድ እግሯን ከዚያ ሌላውን አስገባች። መቀባቱን አየች፤ በአውራ ጣቷ አንዴ ዳበስ አደረገችው። ኮንጎውን ዘጠነኛው ላይ አስቀመጥኩት። ካርድ አልሰጠኋትም። ከኋላዋ ያለው ሰውዬ ቶሎ በሉ እንጂ አለ።

ስትወጣ ሳሙና ይዛለች። የምትቀመጥበት ፈለገች፣ ዓይኗ ዞረ ዞረና ተመለሰ። አንድ ወንበር ነው ያለው፣ የእኔ። ሰልፉም አላለቀም። ድሮ ገና ወሬው የሚጀመርበት ሰዓት ነበር። ቆማ በአዊኛ አሥራ አንድን በይልኝ አለችኝ። አልኩት። እንደ ወትሮው ተበላሸ፤ ከሰልፉ ሁለት ሴቶች ሳቁብኝ።

ኮንጎዋን አጠለቀች። ባሏ በበዓሉ ቀን የተላከበትን ጫማ አሁን ይዛ ትሄዳለች ብዬ ፌስታል አዘጋጅቼ ነበር። ጫማውን አንሥታ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና መልሳ ሰጠችኝ።

"እዚሁ ይደር" አለች።

ዱካውን ነገ ከጎረቤት ሱቅ አመጣዋለሁ። ባንተአምላክ አንድ ወንበር ነው የተፈቀደ ቢለኝ ይበል።