ቀርከሃው ካለቀ ወዲህ

ዮግያካርታ፣ ጃቫ፣ 1946

ልጄ ዊራትሞ፣ የሆላንድ ብርድ ይራራልህ፤ አላህ የሄድክበትን መንገድ መመለሻም ያድርግልህ።

እኛ ደህና ነን። የጓሮው ቀርከሃ ጦር ሊሆን ተቆርጦ ስላለቀ፣ ጠዋት ጠዋት የተራራው ጉም እስከ አልጋዬ ይገባል፤ ቤታችን የሚንሳፈፍ ይመስለኛል።

የቆረጠው ታናሽ ወንድምህ ሱዳርሶ ነው። አባትህ ግን ነጻነት ከሆላንዶች ጋር ተነጋግሮ በፊርማ ይመጣል ባይ ናቸው። አንድ ቀን ሲከራከሩ ሱዳርሶ፣ "አንተ ፈርም፣ እኔ ልዋጋ!" አላቸው። በጃቫ ምድር አባትን አንተ! ነጻ ሰው ሁሉ እኩል ነው ተባብለዋል አሉ፣ እሱና ጓደኞቹ። አባትህም "እርስዎ እስክትለኝ አልሰማህም" ብለው ወር ሙሉ ዘጉት።

ሐሙስ ማለዳ ሱዳርሶ ሊዘምት ወጣ። አባትህ በጉሙ ውስጥ እስከ በሩ ተከተሉትና ቀስ ብለው፣ "እርስዎ፣ በደህና ይመለሱ" አሉት። የገዛ ልጃቸውን! ያ ጎረምሳ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አንተን ወረቀት ወይስ ቀርከሃ ብዬ አልጠይቅህም። አላህ ሁለታችሁንም በአንድ በር ያስገባልኝ። ብቻ ትምህርቱ ሲያልቅ ና። በሩ ላይ ቆመህ "አንቺ" ብለህ ብትጠራኝም፣ "አቤት" እላለሁ።

እናትህ