ኦቦ ጋሩማና የግድቧ ቀርከሃ

ኦቦ ጋሩማ ገቢሳ ከአባታቸው ከኦቦ ገቢሳ ዋቅቶላና ከእናታቸው ከአዴ ሎሚ ኤጀታ በ1947 ዓ.ም. ኡኬ ተወለዱ። ነቀምቴ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ በክርክር ደሞ የሚችላቸው አልነበረም። በ1970 ዓ.ም. ወይዘሮ አስካለ በርናባስን አግብተው አምስት ልጆች ወለዱ።

በ1978 ዓ.ም. ከኡኬ በላይ ባለችው ትንሽ የመጠጥ ውሃ ግድብ ዘበኛ ሆነው ተቀጠሩ። ዘበኛ ይባሉ እንጂ ግድቧ ስድስተኛ ልጃቸው ነበረች። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ ግድቧ ጢም ብላ ሞልታ ሳለ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ቆመው ረጅም ቀርከሃ እስከ ታች ይሰዱና ውሃው የደረሰበትን በቢላ ምልክት ያደርጉበታል። ቀርከሃው ሲያረጅ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ያዛውራሉ።

ከግድቧ በላይ ያለው ደን ተጨፍጭፎ ሲያልቅ ምልክቱ በየዓመቱ ስንዝር ስንዝር ወደ ታች ወረደ። ጎርፍ የሚያወርደው ጭቃ ግድቧን ከስር እየሞላት ነበር። በ1984 ዓ.ም. ሰው አስተባብረው ጋራውን በባሕር ዛፍ ሸፈኑት። ዛፉ አደገ፣ ተጨበጨበላቸው። ምልክቱ ግን መውረዱን አልተወም!

በ1993 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ዝናቡ እየወረደ ዛፉ ስር ሄደው ቆሙ። መሬቱ እንደተጠረገ ግቢ ራቁቱን ነው፤ ቅጠሉን ሰው ሁሉ ለማገዶ እየጠረገ ይወስደዋል፤ ቀዩ ጎርፍ በእግራቸው መሃል ይወርዳል። በስብሰው ቤት ገቡና፣

«አስካለ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛፍ ተከልኩ እንጂ መሬቱን አላለበስኩም። ካሁን በኋላ ቅጠል አትጥረጊ» አሉ።

«ታዲያ በምን ላብስል?»

«በቅርንጫፍ!»

«ማን ሊቆርጥልኝ?»

«እኔ!»

እስኪታመሙም ድረስ ቆረጡ።

በእድሩ ስብሰባ ተነስተው ጥፋታቸውን ተናገሩ። ቅጠል እንዳይጠረግ፣ ዛፉ ባንዴ ሳይጨፈጨፍ በየተራ እየሳሳ እንዲቆረጥ፣ በመሃሉ ዋንዛና ብሳና እንዲተከል፣ ሳሩም ታጭዶ ለከብት እንዲሰጥ እንጂ ከብት እንዳይገባ ለመኑ። «ኦቦ ጋሩማ የቅጠል ዘበኛ ሆኑ!» ተብሎ ተሳቀባቸው። እሳቸውም «ደሞዝ ጨምሩልኛ!» እያሉ አብረው ሳቁ። ግን ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ተስማማ።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ምልክቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ሃያ ዓመት አትቆይም የተባለችው ግድብ ዛሬም ታጠጣለች።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ኩላሊታቸውን ታመው ስለተኙ የልጅ ልጃቸውን ሊሊሴን ቀርከሃውን አስይዘው ወደ ግድቧ ላኳት።

«አካኮ፣ እዛው ነው!» ብላ እየሮጠች መጣች።

«በደንብ ሰደድሽው? ሂጂ ድገሚ!»

ደገመች። እዛው ነው። ከአልጋቸው ላይ እጃቸውን አንስተው እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

ኦቦ ጋሩማ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ አምስት ልጆቻቸው፣ አስራ አንድ የልጅ ልጆቻቸውና አንድ ጋራ ሙሉ ዛፍ ከኋላቸው ቀርተዋል። ቀርከሃው ሊሊሴ ጋ ነው፤ ለመጪው መስከረም ምልክት የሚሆን ቦታም አለው።

እሳቸው መሬቱን አለበሱ፤ ጌታ ደግሞ እሳቸውን ክብር ያልብሳቸው። አሜን።